አስናቀችን ከስልክ ያራቅኩበት እሑድ

ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ተርሚኒ

የወጣነው ሊነጋጋ ሲል ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ አየሩ ደስ ይላል። ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የመንገድ ማጠቢያው መኪና ውሃ እየረጨ ያልፋል፤ የቡና ቤቶቹ ባለቤቶች መዝጊያቸውን እያንጓጉ ይከፍታሉ። አስናቀች ባዶ የገበያ ጋሪዋን እየጎተተች ከኋላዬ ትመጣለች።

«አንቺ፣ ዛሬ ምን ነክቶሽ ነው? ዘጠኝ ዓመት ሮም ስንኖር አንድ ቀን ሽርሽር እንሂድ ብለሽኝ አታውቂም» ትለኛለች።

«ታዲያ የሰው አልጋ ስናነጥፍ ልንሞት ነው እንዴ?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ያወጣኋት ለሽርሽር አልነበረም። ለምን እንደሆነ አሁኑኑ ልንገራችሁ፤ መደበቁ ያኔ የደበቅኩት ይበቃኛል።

እኔና አስናቀች ሁለታችንም ባዳንቴ ነን፤ የጣልያን አሮጊትና ሽማግሌ ቤት እያደርን እንጦራለን። እረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ ነው። አስናቀች ለእረፍቷ እትዬ በላይነሽ ተርሚኒ አጠገብ በተከራዩት ቤት ፖስቶ ሌቶ አላት፤ አንዲት አልጋ ማለቴ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ እሷ ገና ከሥራ ሳትመጣ፣ ወንድሟ ደሳለኝ ከአዲስ አበባ እዚያ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሡት እትዬ በላይነሽ ናቸው። «እማዬ በጣም ታማለች፤ አስናቀች ትደውል» አላቸው።

እትዬ በላይነሽ ስልኩን እንደዘጉ ወደ እኔ ደወሉ። «ሙሉ፣ የአስናቀች እናት አርፈዋል» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?»

«ወንድሟ። ታማለች ነው የሚለው። ምን ይበል ታዲያ? እናትሽ ሞተች ብሎ በስልክ የሚያረዳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የእኔም እናት ‹ትንሽ አሟቸዋል› ተብዬ፣ ለካስ ከተቀበሩ ሦስት ሳምንታቸው ነበር።»

እውነታቸውን ነው። የእኔም አባት በሞቱ በአራተኛ ወራቸው ነው የተነገረኝ፤ እስከዚያ ድረስ «ደህና ናቸው፣ ሳል ብቻ ነው» እያሉ ሲያታልሉኝ ከርመዋል። እትዬ በላይነሽን አንድ ጊዜ «ምናልባት እውነት ታመው ቢሆንስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ለሕመም ብሎ ከአዲስ አበባ በዚህ ገንዘብ ማን ይደውላል?» አሉኝ። ደግሜ አልጠየቅኩም። ያ አለመጠየቄ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

አገር ቤት መርዶ የሚነገረው ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ነው። እዚህ ግን፣ እሑድም ቢሆን፣ አብዛኞቹ በማለዳ የሚጦሯቸውን ሰዎች ቁርስ ሲያበሉ ነው የሚገኙት። ስለዚህ እሑድ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ሁሉም ከየቤቱ ሲመጣ እንዲነገራት ተወሰነ። እትዬ በላይነሽ የቤቱን ስልክ ገመድ ከግድግዳው ነቀሉት። ቀኑን ሙሉ ከቤት ማራቁ ለእኔ ተሰጠ።

«ቤተ ክርስቲያን እንዳትወስጃት፤ አንዷ እምባ ታቀርርና ታጋልጠናለች። ሐበሻ ያለበት ባር እንዳትገቡ። ከሁሉ በላይ ስልክ!» አሉኝ። አስናቀች እሑድ እሑድ ለእናቷ ትደውላለች። አንድም ቀን ቀርታ አታውቅም።

እቅዱን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ በመድኃኒት ቤት ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጽፌ። ጠዋት ፖርታ ፖርቴዜ አሮጌ ዕቃ ገበያ፣ ከዚያ ኦስቲያ በየሰው ቤት ጋራዥ የሚሸጥ አሮጌ ዕቃ ማየት፣ ከዚያ ባሕር። እንዲህ ያለ ያማረ ቀን ለራሴ እንኳ አቅጄ አላውቅም።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ ፖርታ ፖርቴዜ

በሜትሮ ቢ፣ በምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ሄደን ፒራሚዴ ወረድን። አስናቀች ከጣቢያው እንደወጣች ቆማ ቀረች።

«ይሄ ምንድን ነው? ግብጽ መጣን እንዴ?»

«የአንድ ሀብታም መቃብር ነው አሉ።»

«ወይ ጉድ! ስንት ጊዜ ከሥሩ አልፌያለሁ፣ ቀና ብዬ ሳላየው!» አለች። እኔም ያኔ ነው ደህና አድርጌ ያየሁት። ነጭ፣ ሹል፣ የከተማው አጥር መሐል የተሰካ። መቃብር መሆኑን ባልነገርኳት ብዬ ወዲያው ተጸጸትኩ።

በቴስታቾ ሰፈር አቋርጠን፣ የቴቬሬ ወንዝን ድልድይ ተሻግረን ገበያው ገባን። የማታውቁት ካላችሁ፣ ፖርታ ፖርቴዜ ማለት የሮም ሰው ከቤቱ ያወጣው ሁሉ መንገድ ላይ የሚሰጣበት ነው። የበር እጀታ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ጫማ፣ የቄስ ካባ፣ የብረት አልጋ፣ የሹካ ክምር፣ የማያውቁት ሰው የሠርግ ፎቶ ከነፍሬሙ። «ቱቶ ሚሌ ሊሬ! ሁሉም በሺህ ሊሬ!» ይጮሃሉ። ወንዶቹ ሲጋራቸውን ከከንፈራቸው ሳያወጡ ይሸጣሉ፤ ሴቶቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ሹራብ እየሠሩ በዐይናቸው ይጠብቃሉ።

አስናቀች ገበያ ላይ ሌላ ሰው ናት። ሥራ ቤት «ሲ ሲኞራ» ብቻ የምትለው ሴትዮ እዚህ አፏ ይፈታል። አንድ ወፍራም የሱፍ ነጠላ አነሣች፤ ቡና ዓይነት፣ ጥለት የሌለው።

«ኳንቶ?»

«ኩዊንዲቺ ሚላ» አላት ሰውየው። አሥራ አምስት ሺህ።

«ማ ቫ! ብል የበላው ነው፣ እየው!» ብላ ወደ ፀሐይ ገልብጣ አሳየችው። ብል የሚባል ነገር አልነካውም። በስምንት ሺህ ተስማሙ።

«ለእማዬ ነው» አለችኝ፣ እያጠፈች። «ብርድ ሲገባ ጉልበቷን ያማታል። የመኖሪያ ፔርሜሶዬ ከታደሰልኝ መስከረም ላይ ይዤላት እገባለሁ። ስድስት ዓመቴ እኮ ነው ካየኋት!»

«ሻንጣሽ ይሞላል፣ ተዪው» አልኳት።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ለእናቴ የሚሆን ቦታ ጠፍቶ ነው?»

ጋሪውን ከእጇ ተቀብዬ ጎተትኩ። ለሞተች ሴት ነጠላ ስትገዛ ቆሜ አየሁ፤ እንደዚያ ነበር የመሰለኝ። ኋላ ላይ ደግሞ ሁለት የሕፃን ሹራብ፣ አንድ የቡና ሲኒ ሰሃን፣ ለደሳለኝ ቀበቶ ገዛች። እኔም ዝም ብዬ ከቆምኩ ትጠረጥረኛለች ብዬ የማይረባ መጥበሻ በሦስት ሺህ ገዛሁ። እጀታው ያን ሳምንት ተነቀለ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ የኦስቲያ ባቡር

ባቡሩ ከፒራሚዴ አጠገብ ነው የሚነሣው። ሰንበት ስለሆነ የሮም ልጆች ፎጣቸውን አንገታቸው ላይ ጥለው፣ ሬዲዮ ይዘው፣ እየተጋፉ ይገባሉ። ተቀመጥን። ፒሳ ቢያንካ ገዝቼ ነበር፤ በወረቀት ጠቅልዬ አካፈልኳት፤ እጃችንም ቀሚሳችንም በዘይት ተለወሰ።

አስናቀች የእናቷን ወሬ ጀመረች። እናቷ ጉለሌ ተቀምጠው፣ ስልክ ሲደወል መጀመሪያ ነጠላቸውን አስተካክለው ነው አሉ የሚያነሡት። «ማን ያየኛል ብላ ነው? አልኩት ደሳለኝን። ‹ልጄ ናታ! ተዝረክርኬ ላናግራት?› ትላለች አለኝ» ብላ እየሳቀች ነገረችኝ። አጠገባችን የተቀመጠች ጣልያን አሮጊት ምን እንዳሳቃት ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

«ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ተርሚኒ ካልደረስን ከኦስቲያ እደውላለሁ። ካርድ ይዣለሁ» አለችኝ።

«ትናንት የአዲስ አበባ መስመር አይሠራም ሲሉ ሰምቻለሁ» አልኩ። ይቺን ውሸት ሌሊቱን ስለማመዳት ነው ያደርኩት።

«ማ ኬ! ሁልጊዜ እንደዚያ ይላሉ። ሲሞክሩት ይሠራል።»

መስኮቱን አየሁ። የጥድ ዛፍ፣ የሽቦ አጥር፣ የተጣለ ፍራሽ።

ቀን 6 ሰዓት፣ ኦስቲያ

ኦስቲያ ላይ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ አንድ ግቢ አለ። ሦስት ቤተሰቦች ጋራዣቸውን ከፍተው፣ መኪናውን አስወጥተው ዕቃቸውን ደርድረዋል፤ የምሠራበት ቤት ልጅ ነበር የነገረኝ። ብስክሌት፣ የሕፃን አልጋ፣ የልብስ ስፌት መኪና፣ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ። በሦስተኛው ጋራዥ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ብቻዋን ቆማለች። ከፊቷ የአሮጊት ዕቃ ነው፤ የቤት ጫማ፣ ከዘራ፣ የአልጋ ልብስ፣ መነጽር።

አስናቀች የቤት ጫማውን አነሣች። ከውስጡ የበግ ጸጉር አለው፤ አዲስ ነው።

«የማሚዬ ነበር። ጥር ላይ ሞተችብኝ። አንድ ቀን እንኳ አላደረገችውም» አለች ሴትዮዋ በጣልያንኛ።

አስናቀች ጫማውን አስቀምጣ ሴትዮዋን አቀፈቻት። በማታውቀው ሰው ጋራዥ፣ በቀትር፣ አለቀሰችላት። «ፖቬራ፣ ምስኪን» ትላታለች፣ ጀርባዋን እየደባበሰች። ከዚያ እምባዋን ጠርጋ «እኔስ አለችኝ፣ ግራትሲዬ አ ዲዮ፣ እግዜር ይመስገን። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻት። ገንዘብ አልቀበልም አለች። «ለእናትሽ ውሰጂላት። ከእኔ ነው በያት።»

እኔ ከጋራዡ ወጥቼ ግንቡን ተደግፌ ቆምኩ። ልነግራት ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ እውነቴን ነው። ግን ምን ብዬ? በሰው አገር፣ በሰው ግቢ መሐል፣ የሚደግፋት ወገን በሌለበት፣ እናትሽ ሞተዋል ልበላት? መርዶ ለብቻ አይነገርም። እንደዚያ ነው ያደግነው። ራሴን በዚህ አጽናናሁና አፌን ዘጋሁ።

ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ባሕሩ ዳር

የመንገዱ ስልክ ባሕሩን ፊት ለፊት እያየ፣ ከጄላቶ ቤቱ፣ ከአይስክሬም መሸጫው፣ ጎን ነው። የፈራሁት አልቀረልኝም። አስናቀች ካርዷን አወጣች። የካርዱን ቁጥር በሳንቲም ፋቀች፤ ዐይኗን ብታጠብብ ብትከፍት አልታይ አላት።

«መነጽሬን ረስቼ! ሙሉዬ፣ አንቺ ምቺልኝ» አለችኝ።

እጀታውን እኔ ያዝኩ። የካርዱን ቁጥር መታሁ። ከዚያ የቤታቸውን ቁጥር በቃሏ እየነገረችኝ አንድ በአንድ ተከተልኳት። የመጨረሻው ላይ አራት አለችኝ። እኔ ሰባትን ተጫንኩ። አውቄ ነው፤ ጣቴ ስቶ አይደለም።

ጠራ። አንድ ወንድ አነሣው። «ሃሎ፣ ማን ልበል?» አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከቤቱ ተቀምጦ። ድምፁ አጠገቤ ያለ ያህል ይሰማል። ከኋላው ዶሮ ይጮሃል።

ዘጋሁት።

«አይሠራም። ጥሪም የለው» አልኳት።

«አንድ ጊዜ ደግመሽ ሞክሪ በሞቴ።»

ደገምኩ። ሰባትን ደገምኩ። ሳይጠራ ቶሎ ዘጋሁት።

ያኔ ነው ልቤ ትንሽ የጠረጠረው። እንዲህ ብዬ አስቤ ነበር፤ ሞተው ከሆነ ደሳለኝ ራሱ ያነሣዋል፣ እሱ ደግሞ ለእህቱ በስልክ አይናገርም፤ ዘዴ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ቁጥር ብመታም ምንም አይመጣም። ሞተው ካልሆነ ደግሞ... ከዚህ በኋላ ማሰቤን አቆምኩ። እንዲያውም ፈጥኜ «ነይ ጄላቶ ልጋብዝሽ» አልኳት። ይሄን ሳስታውስ የገዛ ምላሴን ነክሼ ብቆርጠው ደስ ይለኛል።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ ማታ እደውላለሁ። እሷ እንደሆን ስልኩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው» አለች አስናቀች። ካርዱን በቦርሳዋ ውስጥ በጥንቃቄ መለሰችው።

ከቀኑ 10 ሰዓት፣ እዚያው

ጫማችንን አውልቀን ገባን። የኦስቲያ አሸዋ ጥቁር ነው፤ እግር ያቃጥላል። አስናቀች ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ውሃው ውስጥ ቆመች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባሕሩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ላይ ኖራ እግሯን ነክራ አታውቅም። ማዕበሉ በመጣ ቁጥር «ወይኔ!» እያለች ትጮሃለች፤ ይመለሳል፤ ደግሞ ትጠብቀዋለች። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች «ብራቫ ሲኞራ!» ይሏታል።

«ሙሉዬ፣ እግዜር ይስጥሽ። እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

እውነት ነበር። ለእኔም እንደዚያው። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ከልቤ የሳቅኩበት ቀን ቢኖር ያ ነው፤ በውሸት የተሠራው። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ኦስቲያ ተመልሼ አልሄድኩም።

ከምሽቱ 12 ሰዓት፣ ተርሚኒ

የእትዬ በላይነሽ ቤት ደረጃ ላይ ስንደርስ ገባት። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ኮሪደሩ ጫማ በጫማ ነው። ውስጥ ሃያ የሚሆኑ ሰዎች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች፣ ግድግዳውን ይዘው የቆሙ ወንዶች። አስናቀች የጋሪውን እጀታ ለቀቀችው። «ማን ነው?» አለች። እትዬ በላይነሽ ተነሥተው ሁለት እጇን ያዙ። «ልጄ፣ እናትሽ አርፈዋል» አሏት።

ስለ ለቅሶው አልጽፍም። ከላይ ያሉት ጎረቤቶች ወርደው በር ላይ ቆመው ነበር፤ አንዷ ዝም ብላ አንድ ጠርሙስ ውሃ አስገባችልን።

አንድ ሰዓት ሲሆን እትዬ በላይነሽ «ሰው ሊያጽናናት ይደውል ይሆናል» ብለው የስልኩን ገመድ መልሰው ሰኩት። ወዲያው ጮኸ። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ አነሣሁት።

«ሃሎ! ሃሎ! ማን ነው?» ደሳለኝ ነው። ድምፁ ሻክሯል። «ሙሉ ነሽ? ስልካችሁ ምን ሆኖ ነው? ከትናንት ጀምሬ ስደውል! አስናቀች የታለች? እማዬ... እማዬ አረፈች ሙሉ። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ።»

«ዛሬ?» አልኩት።

«ዛሬ እንጂ! ቀኑን ሙሉ ስትጠብቃት ነበር። አልጋው ድረስ ስልኩን አምጡልኝ ብላ፣ ከትራሷ አጠገብ አስቀመጥንላት። ‹እሑድ አይደል፣ አሁን ትደውላለች› እያለች። ነጠላዬን አልብሱኝ አለች። ምነው ሳትደውል ቀረች?»

አዲስ አበባ አሥራ አንድ ሰዓት እዚህ አሥር ሰዓት ነው። ባሕሩ ውስጥ ቆመን ነበር።

አስናቀች ከፍራሹ ላይ ሆና ታየኛለች። «ደሳለኝ ነው? ስጪኝ» አለች። ልዘጋው እችል ነበር። ቀኑን ሙሉ ስዘጋ ነው የዋልኩት፤ አንድ ጊዜ ብጨምር ማን ያውቅብኛል? ሰጠኋት።

ብዙ ሰማች። እምባዋ ቆመ። «ስንት ሰዓት ላይ?» አለች አንድ ጊዜ። ከዚያ ስልኩን አስቀመጠች። ሰዉ ወንድሟ ያጽናናት መስሎት «እሰይ፣ በርቺ» አላት።

ወደ እኔ ዞረች። «መስመሩ ይሠራ ነበር?» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«ይሠራ ነበር» አልኩ። «ቁጥሩን አውቄ ነው ያሳሳትኩት። ሞተዋል መስሎን ነው፣ አስናቀች።»

«እኔ ግን አልሞተችብኝም ነበር» አለች።

እትዬ በላይነሽ ያን ጊዜ ገባቸው። ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ በሩ ላይ

አብዛኞቻችን እስከ ሦስት ሰዓት ወደየጌቶቻችን ቤት መግባት አለብን። ሰዉ በየተራ እየተነሣ፣ እጇን እየያዘ፣ «እግዜር ያጥናሽ» እያለ ወጣ። አስናቀችም ለእያንዳንዱ «ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች። ተራዬ ደረሰ። እጇን ያዝኩ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ያቺ ሁሉም ሰው የሚያውቃት ሁለት ቃል አልወጣ አለችኝ።

አስናቀች እጇን አልሳበችም። እንደ ሌላው ሁሉ ቀና ብላ አየችኝና «ስለመጣሽ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ከዚያ ከኋላዬ ለቆመው ሰው እጇን ዘረጋች።